አባባ ከላይ ያየው ሐይቅ

አባቴ በተቀበረበት ሰዓት እኔ ሐይቅ መሀል ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ እየሳቅኩ ነበር። ለማጋነን ያልኩት እንዳይመስላችሁ፤ ቪዲዮ አለ። የባሌ እህት ናት የቀረጸችው። ብርቱካናማ ሹራብ ለብሻለሁ፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ደፍቻለሁ፣ እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ «እናንተ! በረዶ እኮ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሳቄ ያምራል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በዚያው ሰዓት ቁስቋም ላይ የአባቴን ሳጥን ወደ ጉድጓድ እያወረዱ ነበር።

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች «ማን ነው እንደዚህ የጨከነብሽ?» ይሉኛል። የጨከነብኝ የለም። የደበቁኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ጠላት ቢሆኑማ በተገላገልኩ ነበር፤ ጠላትን ረግመው ይተውታል።

ስሜ ትዕግስት ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው መልአክ ግን ሳይሳሳት አልቀረም። ያኔም እንደ አሁኑ አዲሱ ገበያ ላይ መጋረጃ እሰፋ ነበር። የስፌት ክፍሌ ከሐጂ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው እዚያው አዲሱ ገበያ ያረጁ ሰው ናቸው። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ረፋድ ላይ ከቁስቋም ቁልቁል ወርዶ ሐጂ በር ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሲሰለቻቸው ሁለቱም ተባብረው የኔን ስፌት ያማሉ። «ይሄ መጋረጃ ተንሻፏል» ይላል አባቴ። ሐጂ ደግሞ «የተንሻፈፈው መስኮቱ ነው» ብለው ያድኑኛል።

አባባ በጎልማሳነቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ተራራ አናት ላይ ስለተኛ አንድ ትልቅ ሐይቅ አውርቶ አይጠግብም። «ከላይ ሆነሽ ስታይው ሰማይ የወደቀ ነው የሚመስልሽ» ይለኛል። ታዲያ ወርዶ ነክቶት አያውቅም። ሁልጊዜ ጭነት አለ፣ ሁልጊዜ ጭነቱን የሚጠብቅ ነጋዴ አለ። አፋፉ ላይ መኪናውን ያቆማል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልቁል ያየዋል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። አንዱ ረዳቱ «ከሥሩ እሳት ስላለ ውሃው ይሞቃል» ይለው ነበር። ሌላው ደግሞ «እጅ ያደነዝዛል» ብሎ ይምላል። አባባ ማንኛቸው እውነት እንደተናገረ ሳያውቅ አረጀ።

ልቡ ደክሞ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ «አንድ ቀን ሄደሽ ንገሪኝ» ይለኝ ጀመር። ልብ በሉ፣ ውሰጂኝ አላለኝም። መንገዱን እንደማይችለው ያውቃል። ንገሪኝ ነው ያለኝ። እኔም በየሳምንቱ «እሺ፣ እሄዳለሁ» እላለሁ፤ ሥራ ይበዛል፣ ሆዴም እየገፋ ነበር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ስለ ሆዴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት እናቴ ስትሞት እንደዚሁ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እንደ ወጉ ደረቴን ደቃሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ያዝ ያደረገኝም አልነበረም። በሳምንቱ ጽንሱ ወረደ። ሐኪሟ በሐዘኑ ነው አላለችም፤ ምክንያቱን አላውቀውም ነው ያለችው። ሰፈሩ ግን ያውቅ ነበር። የአባቴ እህት አክስቴ አስካለ «ልጇን ልቅሶ በላው» አለች፤ አክስቴ ያለችው ደግሞ እኛ ቤት ሕግ ነው።

አርብ ማታ ከአባባ ጋር ነበርኩ። ጥፍሩን ቆረጥኩለት። እጁን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና «በጣም አሳጠርሽው» ብሎ አጉረመረመ። «ነገ ሾርባ ይዤ እመጣለሁ» ብዬው ወጣሁ። በቃ፣ ያ ነው ስንብታችን።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ባሌ ዳዊት ቀሰቀሰኝ። ሸጎሌ ነው የምንኖረው፤ ከአባባ ቤት በታክሲ ሩቅ አይደለም።

«ቲጂ፣ ተነሺ። ሐይቁ ጋ እንሄዳለን።»

«የቱ ሐይቅ?»

«የአባባ ሐይቅ ነዋ። ያሬድ ሚኒባሱን ይዞ እየመጣ ነው። እህቴ ሜሮንም አለች።»

ዳዊት ድንገት ተነስቶ ወጪ የሚያወጣ ሰው አይደለም፤ ሽርሽር ቀርቶ ማኪያቶ እንኳ ከቤት ውጪ ከጠጣ ቀኑን ሙሉ ይቆጨዋል። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን ሆንክ?» ስለው «እንቅልፍ አጥቼ» አለኝ።

«የአባባ ሾርባስ?»

«አክስትሽ ትሠራለች። ደውዬላት ነበር፤ አባባ ሐይቁ ጋ እንደምትሄጂ ሲሰሙ ደስ አላቸው አለችኝ።»

ደስ አላቸው። ከዚያ ቀን ውሸት ሁሉ ይቺኛዋን ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ። አባቴ እኮ በዚያን ሰዓት ተገንዞ ነበር።

ስልኬን ፈለግኩ፤ የለም። አልጋ ሥር፣ ሶፋ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ የለም። «ተይው፣ የኔ አለ አይደል» አለና ክንዴን ይዞ አወጣኝ። በኋላ እንዳወቅሁት ስልኬ የሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ ተዘግቶ ነበር።

ቡራዩን አልፈን ወጣን። ያሬድ የዳዊት ጓደኛ ነው፤ ወሬኛነቱ የታወቀ። ያን ቀን ግን አፉን ዘግቶ መሪውን ብቻ ያያል። ሜሮን በተቃራኒው ትለፈልፋለች፤ በማያስቀው ትስቃለች፣ ሳልጠይቃት ውሃ ትሰጠኛለች። መንገድ ላይ ሶፍት ፈልጌ ቦርሳዋን ስከፍት የታጠፈ ጥቁር ነጠላ አገኘሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለብርዱ» አለችና ቦርሳውን ከእጄ ወሰደችው።

አየሁ እኮ። ጥቁሩን ነጠላ አየሁ፣ የቀላውን ዓይን አየሁ፣ የጠፋውን ስልክ አውቃለሁ። ሞኝ አይደለሁም፤ አንድ ነገር እንደደበቁኝ ያወቅሁት ገና ከተማ ሳንወጣ ነው። ግን ምን መሰለኝ መሰላችሁ? ቤቢ ሻወር። የስፌት ደንበኞቼ ሁሉ ያኔ እሱን ነበር የሚያወሩት፤ ነፍሰ ጡሯን ሰው ሽርሽር ይወስዳታል፣ ቤት ስትመለስ ፊኛ ተሰቅሎ፣ ኬክ ተቆርሶ ይጠብቃታል። የዳዊት ድንገተኛ ቸርነት፣ የሜሮን ጥድፊያ፣ የአክስቴ «እኔ እሠራለሁ» ማለት፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ገባልኝ። እንዳልነቃሁባቸው ሆኜ ልጫወትላቸው ወሰንኩ። ስልክ ሲደወልና ዳዊት ሲሾከሾክ ወደ መስኮቱ ዞሬ ፈገግ እላለሁ። ደስታቸውን እንዳላበላሽባቸው እጠነቀቅ ነበር።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ሚኒባሱ አንገላታን። ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ እነጥራለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሳቅም ንዴትም ይመጣብኛል፤ ልቅሶ ሆዷን ይጎዳል ብለው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ኮረኮንች ላይ ሲያላጉ ዋሉ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ «አቁም» አልኩት ያሬድን። «ሞተሩን ግን እንዳታጠፋው።»

ወረድኩ። ሐይቁ ከታች ነው፤ ዙሪያውን ተራራ ከቦት፣ ዳር ዳሩን የገብስ ማሳና የሳር ቤቶች ይዞ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የደመናው ጥላ በላዩ ላይ ይሄዳል። አባባ አልዋሸም፤ ሰማይ የወደቀ ነው የሚመስለው። አባቴ በወጣትነቱ ቆሞ የጓጓበት ቦታ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ዞር ስል ዳዊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅሳል። ለኔ መሰለኝ። የሚስቱ ደስታ ልቡን ነክቶት መሰለኝ። ከሰርጋችን ቀን የበለጠ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው። ያን ፍቅሬን የሰረቀኝ ያህል ይሰማኛል።

ከታች ዳርቻው ገበያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ስፒከር ከፍተው ይጨፍራሉ፣ ባለ ፈረሶቹ ጥለት ያሰሩላቸውን ፈረሶች እየጎተቱ «እትዬ ፈረስ! እትዬ ፈረስ!» ይላሉ፣ ሴቶች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣሉ። ፈረስ ከለከሉኝ። ቁልቁለቱን ዳዊት እጄን ይዞኝ ቀስ እያልን ወረድን። ድንቹን ለብቻዬ በላሁት፤ ሦስቱም አንጎርስም አሉ።

«ጀልባ!» አልኩ።

ዳዊት «እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ ከሜሮን ጋር ሂጂ» አለ። ጀልባው ተነሳ። ቀዛፊው ጋቢ ያጣፋ ጎልማሳ ነው፤ ከወዴት እንደመጣን ጠየቀኝ።

«ከጉለሌ። አባቴ ልኮኝ ነው» አልኩት። «ውሃው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል ብለሽ አይተሽ ነይ ብሎኝ።»

ሳቀ። «እና አልነኩትም? ይንኩት እንጂ!»

ነከርኩት። እስከ አጥንቴ ዘለቀኝ። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት፣ ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት። ሜሮን ስልኳን ደቅናብኛለች። ጉንጯ ረጥቦ ነበር። «ምነው?» ስላት «ነፋሱ ነው» አለች። ከትከሻዋ ማዶ፣ ዳር ላይ ያለች ጉብታ አናት ላይ ዳዊት ይታየኛል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ወጥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። ከዚያ ስልኩን አወረደና አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አሁን ሳስበው ቀብሩ ማለቁን የነገሩት ያኔ ነው።

የያዝኩትን የውሃ ሃይላንድ አፈሰስኩና ከሐይቁ መሀል ሞላሁት። አባባ እጁን ይንከርበት ብዬ ነው። እስክደርስ እንደሚሞቅ ትዝ ሲለኝ፣ ነክሬ የምጠቀልልበት ጨርቅ ፈልጌ የሜሮንን ጥቁር ነጠላ ከቦርሳዋ ሳብ አደረግኩ።

«እሱን ተዪው!» ብላ ጮኸች። ቀዛፊው እንኳ መቅዘፉን አቆመ። ወዲያው ድምጿን አለስልሳ «እ... ማለቴ፣ ይበላሽብኛል» አለችና የአንገቷን ሻርፕ ፈትታ ሰጠችኝ። ሃይላንዱን በሻርፑ ጠቅልዬ፣ ደጋግሜ እያረጠብኩ እቅፌ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ መጎተት ጀመረ። «እንሂድ፣ ሳይመሽ አባባ ጋ ልድረስ» እላለሁ፤ «ቆይ ምሳ እንብላ» ይላሉ። ምሳው አለቀ፤ «ቆይ ሻይ»። ሻዩ አለቀ፤ ያሬድ ጎማ ሊያይ ሄደ። በመጨረሻ ተናደድኩ። «ዛሬ ሳልነግረው አላድርም!» ብዬ በገዛ እጄ የሚኒባሱን በር ከፍቼ ገባሁ። ሦስቱ ተያዩ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ኬኩ ሳይደርስላቸው ቀርቶ ነው እላለሁ።

መንገድ ላይ የዳዊትን ስልክ ጠየቅኩት። «ባትሪ ዘግቷል።» ያሬድን ጠየቅኩት። «ኔትወርክ የለም» አለ፤ እንዳለም ስልኩ ጠራ፤ ሳያነሳው አጠፋው። ሳቄን ዋጥኩ።

ሸጎሌ ስንደርስ ሚኒባሱ ወደ ቤታችን አልታጠፈም።

«ሰፈር ውሃ ጠፍቷል፤ ዛሬ ሜሮን ጋ እናድራለን» አለ ዳዊት።

የሜሮን ቤት ከአዲሱ ገበያ ጀርባ ነው። በቃ፣ ድግሱ እዚያ ነው አልኩ። ከቦርሳዬ ትንሿን መስታወት አወጣሁና ሊፕስቲክ ተቀባሁ። ፎቶ ስለሚኖር። ሜሮን ስቀባ እያየችኝ ነበር።

አዲሱ ገበያ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ፀሐይዋ ጠልቃ ገና ዓይን ለዓይን የሚያስተያይ ብርሃን አለ። ሐጂ ኑሩ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ መዝጊያውን ሊስቡ ሲሉ በመስኮቱ አዩኝ። በመኪኖቹ መሀል አልፈው መጡ። መስኮቱን ከፈትኩላቸው፤ ከነፈገግታዬ።

«ትዕግስት ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። ምን ይደረጋል፣ የሱ ሥራ ነው።»

«ምኑ ነው ሐጂ?»

«ከቀብሩ ስንመለስ ነው ሱቁን የከፈትኩት። እዚያ ፈልጌ አጣሁሽ፤ ሆስፒታል ተኝታለች አሉኝ። ወጣሽ? ተሻለሽ?»

ከዚያ ነው ፊቴን በደንብ ያዩት። ባርኔጣውን አዩ። ከንፈሬን አዩ። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። «ላ ሐውለ...»

ከኋላችን ክላክስ ይጮሃል። ዳዊት «ሐጂ፣ እባክዎ...» ማለት ጀምሮ አቋረጠው።

«የማን ቀብር?» አልኩ። አውቄዋለሁ እኮ። ሐጂ ባፋቸው እስኪሉት ድረስ ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። «ሐጂ፣ እርስዎ አይዋሹኝም። የማን?»

«የአባትሽ ነው ልጄ» አሉ፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ።

ቀኑን ሙሉ እውነት የነገረኝ አንድ ሰው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውም የነገሩኝ ሳያውቁ ነው።

አልጮኽኩም። ያሬድን «ወደ ቁስቋም ንዳ» አልኩት፤ ነዳ። ዳዊት ዳገቱን እስክንወጣ ድረስ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ይለምናል።

«በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት ቲጂ። አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ሳይሰቃዩ። አክስትሽ ሌሊት ደወለችልኝ። አትንገራት፣ ወዲያ ወዲህ ይዘሃት ጥፋ አለችኝ። የት ልውሰድሽ? ሐይቁን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ስለምታወሪው... ደስ እንዲልሽ ብዬ...»

«ደስ ብሎኛል» አልኩት።

ድንኳኑ አባባ ግቢ ውስጥ ተተክሏል። ስገባ የልቅሶው ድምፅ ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ ውሃ እንደተደፋበት ፍም ጠፋ። ንፍሮ የምታዞረው ሴት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ብርቱካናማ ሹራቤን ያያል። አክስቴ አስካለ ከመሀል ተነሳች። ልጄ አላለችም፣ ነይ አላለችም።

«ማን ነገራት?» አለች።

እስከምሞት የማልረሳው ቃል ነው። ቀጥላ ወደ እኔ መጣችና፣ ዝቅዝቅ የለበሰችውን ነጠላ ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ ሊፕስቲኬን ጠረገችልኝ። ሰው ሳያየኝ ይሁን አስባልኝ ይሁን አላውቅም። ሁለት ሴቶች በግራና ቀኝ ክንዴን ጨበጡ፤ ራሴን እንዳልጥል ነው። «ቀስ፣ ልጁን» ይሉኛል። ላለቅስ አፌን ስከፍት «ቀስ፣ ልጁን»። እማዬ ስትሞት የያዘኝ አልነበረም፤ አባባ ሲሞት ደግሞ የሚለቀኝ ጠፋ። እንባዬ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ደረቀ፤ በሠልስቱም አልመጣም፣ በአርባውም አልመጣም።

እቅፌ ውስጥ ያለውን ነገር አክስቴ አየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የሐይቁ ውሃ። ለአባባ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች። አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ያዘችኝና በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«እሱ ራሱ እኮ ነው ልጄ። ማታ ሊተኛ ሲል ጠራኝና፣ አስካለ፣ ድንገት አንድ ነገር ከሆንኩ ለትዕግስት እንዳትነግሪያት፣ ሐይቁን ሄዳ ትየው አለኝ። የሱን ቃል ነው የፈጸምነው።»

ቀና ብዬ ዳዊትን አየሁት። ሰምቷል። አሁን፣ ገና አሁን፣ ሐይቁን ያሰብኩት እኔ ነኝ ብሎኛል።

«አዎ» አለ ዳዊት፣ ራሱን እየነቀነቀ። «እሳቸው ናቸው ያሉት።»

በማግስቱ መቃብሩ ጋ ሄድኩ። አፈሩ ገና አልደረቀም። የሃይላንዱን ክዳን ከፍቼ ልነግረው አልኩና መጀመሪያ በጣቴ ነካሁት። ለብ ብሏል። አድሮ ሞቋል። እዚያው አፈሩ ላይ አፈሰስኩትና «አባባ፣ ይሄን እንዳታምነው፤ ሐይቁ ይቀዘቅዛል» አልኩት። ሁለቱ ሴቶች ከኋላዬ ቆመው ሆዴን ይጠብቃሉ።

ልጄ ብሌን በጊዜዋ፣ በሰላም ተወለደች። ያን ቀን አራስ ቤት የገባ ሁሉ «አየሽ?» አለኝ። አየሽ፣ ባንደብቅሽ ኖሮ! የልጄ ጤንነት ለነሱ ማስረጃ ሆነላቸው፤ እሷን ባቀፍኩ ቁጥር እንዳመሰግናቸው ይጠበቅብኛል። እንዴት ነው የምከራከረው? ልጄን ይዤ «ትክክል አልነበራችሁም» ልበል? አፌን ዘጉት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ አለና ሞት ልትደብቁ ተቀምጣችሁ ትመክሩ ይሆናል። ክፋት እንደሌለባችሁ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አስቡ። አባቴ ምናልባት እውነትም ያን ቃል ብሎት ይሆናል። በመጨረሻዋ ማታ ጥፍሩን አይቶ፣ እኔን አስቦ፣ «ሐይቁን ሄዳ ትየው» ብሎ ይሆናል። ከዚያ በላይ ምን ስንብት አለ? በእጄ ሊኖረኝ የሚችለው ትልቁ ሀብት እሱ ነበር፤ ልቀበለው ግን አልችልም። የነገሩኝ ሰዎች ያን ቀን ሙሉ፣ ዓይኔን እያዩ፣ በፍቅር የዋሹኝ ሰዎች ናቸው። አክስቴን ለምኛታለሁ፣ «ውሸት ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም» ብያታለሁ፤ ትምላለች። ዳዊትም ይምላል። አሁን ዳዊት «ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሏል» ሲለኝ ራሴ ሄጄ ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሳይታሰብ «ተነሺ፣ ዛሬ እንዝናና» ካለኝ መጀመሪያ ስልኬን ፈልጌ ለዘመዶቼ አንድ በአንድ እደውላለሁ። ደግ ቃል ሁሉ አጠራጣሪ ሆኖብኛል። ለቅሶዬን ብቻ አይደለም የወሰዱብኝ።

በቅርቡ ብሌን የሜሮንን ስልክ ስትነካካ ቪዲዮውን አገኘችው። ደጋግማ አየችውና ወደ እኔ ይዛው መጣች።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው የምትስቂው?»

ዳዊት ከሶፋው ላይ ሆኖ ቀደመኝ። «ደስ ብሏት ነዋ! አንቺ ሆዷ ውስጥ ስለነበርሽ።»

«አያትሽ የተቀበረ ቀን ነው» አልኳት። «አልነገሩኝም ነበር።»

ዳዊት «ምን ማለትሽ ነው፣ ሕፃን እኮ ናት» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ብሌን አባቷን በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች፤ እጄን ውሃው ውስጥ የነከርኩበት ቦታ ላይ አቆመችውና በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ውሃው ይቀዘቅዛል?» አለችኝ።

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለዚህ ጥያቄ ነበር። ከሐይቁ ከተመለስኩ ጀምሮ ድንኳን ውስጥም፣ አራስ ቤትም፣ አክስቴም፣ ባሌም፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ይቀዘቅዛል» አልኳት። «እጅ ያደነዝዛል።»

እንባዬም የመጣው ያኔ ነው። ክንዴን የያዘኝ አልነበረም።